የታዘዘ ፈገግታ

«መኪናው የታለ?» አለ የክሊኒኩ ዘበኛ።

«የምን መኪና?» አለች ማራናታ።

«ሰውየው ነዋ የነገረኝ። ባሌስትራው ተሰብሯል፣ ጎማው ዞሯል አለኝ። የመኪና አደጋ ከሆነ መጀመሪያ ትራፊክ ይምጣ። ታርጋውን ይዛችኋል?»

ማራናታ ዞር ብላ አየችው። ቦሩ በታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ ቀኝ እግሩን በተከፈተው በር በኩል አውጥቶታል። እግሩ የተጠቀለለበት ፎጣ የቤርጎው ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላብ በአንገቱ ይወርዳል። እንደዚያም ሆኖ ለዘበኛው በጣቱ እያመለከተ ያስረዳል። ቅልጥሙን ነክቶ «ይሄ ባሌስትራው ነው» ይላል፤ ወደ ተጣመመው እግሩ ወርዶ «ይሄ ደግሞ ጎማው። ዞሯል፣ አየኸው?» ይላል።

ባሌስትራ ማለት የከባድ መኪናን ጀርባ ተሸክሞ የሚሄደው ድርብርብ ብረት ነው። ቦሩ ደግሞ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይጠግናል። አማርኛን ያስተማሩት ድንበር ላይ የሚቆሙ የእኛ ሹፌሮች ናቸው። እነሱ ስለ መኪና እንጂ ስለ ሰው አካል ምን ያወራሉ? ስለዚህ ቦሩ ሲርበው ነዳጅ አለቀ፣ ሲደክመው ሞተሩ ጋለ ነው የሚለው። እግሩ ሲሰበር ሌላ ቃል ከየት ያምጣ?

ማራናታ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። አፏን በእጇ ብትይዘውም ሳቁ በጣቶቿ መሀል ሾልኮ ወጣ። ቦሩ በዚያ ሕመሙ ውስጥ ሆኖ ቀና ብሎ አያት። ያቺን ሳቅ ያዙልኝ፤ ማንም ያላዘዛት የራሷ ሳቅ ናት።

ከሳቁ በፊት የነበረው ፈገግታ ግን የታዘዘ ነበር።

እናቷ እትዬ ዘነበወርቅ ከአጠና ተራ ጀርባ ያለችው ትንሽ ቤርጎ ባለቤት ናቸው። ከቦንጋ ማርና ቅመም እያስመጡ ሲነግዱ ኖረው ከባላቸው ከመሸሻ ጋር ያቆሟት ቤት ናት። መሸሻ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ የሠራው የመጨረሻ ነገር ባኞውን ነው። ወለሉን የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ አለበሰው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ ፊቱን የሚያይበት። ውኃ ሲነካው ግን አሳ ነው። የወረዳ ሰዎች ሁለቴ መጥተው ቀይሩት ብለዋል። እትዬ ዘነበወርቅም ሁለቴ እሺ ብለዋል። የመሸሻን እጅ ሥራ በዶማ ማስነሳት ግን አልሆነላቸውም፤ ጆንያ አነጠፉበት። ቦሩ በመጣ በማግስቱ ጠዋት ጆንያው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ቦሩን ባዶው ሴራሚክ አንሸራቶ ጣለው።

ጩኸቱ ሲሰማ እናት መጀመሪያ ያሰቡት እግሩን ነው። ሁለተኛ ያሰቡት ከታች ያለውን የጎረቤታቸውን ቤርጎ ነው። ባለፈው ክረምት እንግዳ ስለተጎዳበት ታሽጎ ይኸው እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

«የሰው አገር ሰው ነው» አሏት ማራናታን፣ ወደ ጓዳ ጎትተው። «ኤምባሲው ደጅ ሄዶ አንዲት ቃል ቢተነፍስ አለቀልን። ሂጂ፣ ከጎኑ አትለዪ። ፊትሽን አታጥቁሪበት፤ ሳቂለት። እንደ እህቱ አስታምሚው።»

እንግዲህ እንዲህ ሆና ነው የሄደችው።

ቤቴል ያለው ክሊኒክ ራጅ አንስቶ አጥንቱ ሁለት ቦታ እንደተሰበረ፣ ብረት እንደሚገባለት ተናገረ። ሲስተር ሰርኬ የምትባለው ነርስ ካርዱን ይዛ መጣችና «አስታማሚው ማነው?» አለች። አስታማሚ የሌለው በሽተኛ አይተኛም፤ መድኃኒት ማን ይገዛለታል፣ ምግብ ማን ያመጣለታል?

ቦሩ ግራ ቀኙን አየ። ሰው ባገሩ ሲታመም ይህ ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ዘመዱ ኮሪደር ሞልቶ ዘበኛ ያስቸግራል። በሰው አገር ግን ከባድ ነገር ነው። በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ የገዛ እጁን አየ።

«እኔ ነኝ» አለች ማራናታ።

ያኔ ያያት አስተያየት፣ እሷ ራሷ በኋላ እንዳለችው፣ አንገቷን አስደፋት። ሰው ያላደረገውን ደግነት ሲመሰገንበት እንዲህ ይሆናል።

እብጠቱ እስኪጎድል ቀዶ ጥገናው አይሠራም ተባለና ቦሩ እግሩን ሰቅሎ ጣሪያ ያይ ጀመር። እሱ እኮ አዲስ አበባን ለማየት የጓጓው ከልጅነቱ ነው። ሹፌሮቹ ጎማቸው እስኪሠራ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የሚያወሩት ስለ ሰፈራቸው ነው፤ ስለ አስኮ፣ ስለ አየር ጤና፣ ስለ ኮልፌ። የትኛው መንገድ ጎማ እንደሚበላ ቦሩ ከጎማው ያውቃል። መንገዱ የሚያደርስበትን ሰፈር ግን አይቶት አያውቅም። ዘንድሮ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ዕረፍት ወጣሁ ሲል የሞያሌ ሰው ሳቀበት፤ ጎሚስታ ዕረፍት ሲወጣ ታይቶ አይታወቅማ። በዛብህ የሚባል ደንበኛው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ እትዬ ዘነበወርቅ ቤርጎ አምጥቶ አሳረፈውና ወደ ጭነቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቦሩ ከአዲስ አበባ ያየው አንድ ባኞና አንድ ጣሪያ ነው።

አንድ ጠዋት ማራናታ ገንፎ ይዛ ስትገባ፣ «ዛሬ ወዴት ትወስጂኛለሽ?» አላት።

«እግርህ ተሰቅሎ ወዴት ልውሰድህ?»

«በአፍሽ።»

መጀመሪያ ቅርብ ቦታ ወሰደችው። አጠና ተራን፣ የእርጥብ ባሕር ዛፉን ሽታ፣ ረጅም አጠና ተሸክሞ አስፋልት የሚያቋርጠውን ሰውዬ፣ አጠናው እስኪያልፍለት ጥሩምባ የሚነፋውን ታክሲ ነገረችው። ቦሩ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና ከሚያውቃቸው ሹፌሮች የማንኛው ቤት በዚያ እንደሚገኝ ይጠይቃታል። በማግስቱ አስኮ ወሰደችው። ከዚያ መርካቶ አስገብታ ጠፋችበት፤ ፈልጎ እስኪያገኛት ገንፎው ቀዘቀዘ።

እየቆየ ሲስተር ሰርኬ ሁለቱን አይታ ነገር ጀመረች። «አንቺ፣ በሽተኛውን ጎብኚ አልኩሽ እንጂ አስጎብኚው አልኩሽ?» እያለች ታልፋለች። እነሱም በየበኩላቸው ሌላ ቦታ ያያሉ፤ እሷ ጉሉኮሱን፣ እሱ ግድግዳውን።

የሚነገር ሰፈር ሲያልቅባት እንጦጦ አወጣችው።

እንጦጦን ማራናታ ወጥታበት አታውቅም። ቤርጎ ያለው ቤተሰብ ዕረፍት የለውም፤ ሌላው ሲዝናና እሱ አንሶላ ያጥባል። ግን ነገረችው። ንፋሱን ነገረችው። ከተማው ከታች ተዘርግቶ ቆርቆሮው ሲያብለጨልጭ፣ ዝናቡ ሌላውን ሁሉ ትቶ ኮልፌ ላይ ብቻ ሲወርድ ነገረችው። ሁለቱ ብቻ የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር እንዳለም ነገረችው።

«ወንበሩ ምን ዓይነት ነው?»

«የእንጨት ነው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ይንቀጠቀጣል።»

«እሱም ባሌስትራው ሄዷላ» አለ ቦሩ።

ሳቁ። ውጪ ካፊያ ነበር። እጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ነበረች፤ የሱም እጅ እዚያው አካባቢ ነበረች፤ ማን ወደ ማን እንደተጠጋ እንጃ።

«ማራናታ» አላት፣ «እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የሚሄድ ሰው ጎማ ነፍቼ ነው የሸኘሁት። እኔን የትም የወሰደኝ ሰው የለም።»

ያን ጊዜ ልትነግረው ነበር። እናቴ ናት የላከችኝ፣ መጀመሪያ ፈርተንህ ነው፣ አሁን ግን እንደዚያ አይደለም ልትለው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። አንጠልጥላ መለሰችው። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ደግሞ ቀዶ ጥገናው ነበር።

ማደንዘዣውን የወጉት በጀርባው በኩል ነው። የደነዘዘው ከወገቡ በታች ብቻ ነበር። እትዬ ዘነበወርቅ ይህን አላወቁም። እሳቸው የሚያውቁት ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው እንደሞተ ሆኖ እንደሚተኛ ነው። ከጸሎት ቤታቸው በቀጥታ መጥተው፣ ቦሩ ዓይኑን ከድኖ ሲያገኙት፣ እጃቸውን ግንባሩ ላይ ጭነው እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ጸለዩ። እንደሳቸው ያለ አማኝ በልቡ አይጸልይም፤ ለጌታ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ዘርዝሮ ነው የሚያስረዳው።

«ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ። ባኞውን ቀይሪ ሲሉኝ ዛሬ ነገ ያልኩት እኔ ነኝ። የዚህን የሰው አገር ልጅ እግር ጠግንልኝ፤ ልቡንም አለስልስልኝ፤ ኤምባሲ ደጅ አታድርስብኝ። ልጄን ልኬበታለሁ፤ ሳቂለት ብያት ይኸው ስትስቅለት ሰነበተች። ደክሟታል አባት ሆይ፤ አገሩ እስኪገባ ብርታት ስጣት። መሸሻ የሠራልኝን ቤት አታሳሽግብኝ። በኢየሱስ ስም።»

«አሜን» አለ ቦሩ።

እትዬ ዘነበወርቅ ዓይናቸውን ገለጡ። ቦሩ ጣሪያውን ያያል።

«ማዘር፣ አልከስም» አለ በቀስታ። «ኤምባሲም አልሄድም። ልጅዎም ትረፍ።»

ማራናታ ሾርባውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደደረሰች አላወቁም እንጂ፣ ከፊቷ እንደሚታየው፣ የሰማችው በቂ ነበር። ቦሩ ዓይኑን ከጣሪያው አውርዶ አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ወንዝ ዳር የቆመ ሰው ማዶ ያለውን እንደሚያይ ነው ያያት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ከአፉ ጠፋ፤ «እህቴ» ሆነች። እህቴ መልካም ቃል ነው። ሰው ሲያርቁበት ግን ከስድብ ይብሳል።

በክራንች ደረጃ መውጣት ስለማይችል፣ ሌላ የሚያውቀው ቤትም ስለሌለ፣ ከክሊኒክ ሲወጣ የተመለሰው እዚያው ቤርጎ ምድር ቤት ነው። እትዬ ዘነበወርቅ ባኞው ላይ ሦስት ጆንያ ደራርበው አነጠፉ። ማራናታ ምግቡን ታደርሳለች፤ እሱ ያመሰግናል። ቁስሉን ለማሳየት ቤቴል ትወስደዋለች፤ እሱ ያመሰግናል። እንደሱ ያለ አመስጋኝ ሰው ኮልፌ አይቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጣ አልወጣም አለች።

«መጀመሪያ እናቴ ናት የላከችኝ። እውነት ነው። በኋላ ግን በራሴ ነው የመጣሁት።»

«በኋላ መቼ?»

ቀኑን ፈለገችው፤ አጣችው። ውኃ መቼ እንደሞቀ ጣቱን ነክሮ የከረመ በምን ያውቃል? እሷ ደግሞ ጣቷን ከመጀመሪያውም አላወጣችም።

«ዘበኛው ታርጋ ሲጠይቀኝ የሳቅሁት እናቴ ስላዘዘችኝ ነው?»

«ሳቅሽ መቼ ጠፋኝ? አንቺ ጋ ሳቅም አለ፣ ፈገግታም አለ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ነው ያቃተኝ።» ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ። «እንጦጦ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። አንዲት አዎ ናት።

«አላውቅም» አለች።

«እንደዚያ መሰለኝ» አለ ቦሩ። «ያሳዝናል። ጥሩ ወንበር ነበር።»

ማራናታ ወጥታ ግቢው ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ዋለች፤ የደረቀውንም መልሳ አሰጣችው። ነገሩን ገልብጣም አየችው፣ አዙራም አየችው፤ መውጫ የለውም። እወድሃለሁ ብትለው ለቤርጎው ነው። ዝም ብትለው ፈተናው አልቆ ደክሟት ነው። ብታለቅስለት ደግሞ እናቷ አዘዋት ነው። ቤርጎው በሩ ተከፍቶ እስከቆመ ድረስ ከአፏ የሚወጣው ቃል ሁሉ የቤርጎው ዘበኛ ነው።

የመጨረሻው ምርመራ ዕለት ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ብዙ ካየ በኋላ ተናገረ። ብረቱ ይዟል፤ አጥንቱ ግን ክፉኛ ነበር የተሰበረው። መሄድ ይሄዳል፤ ማነከሱ ግን አይቀርም። የከባድ መኪና ጎማ አንስቶ መጣል እርሳው አለው። ቦሩ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሙንም አመሰገነ።

ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ማራናታ «ክሰሰን» አለችው።

«ማንን? ማዘርን?»

«ቤቱን። እግርህን ወሰደብህ እኮ። ከከሰስከን በኋላ ብመጣ ታምነኛለህ?»

ቦሩ ወደ ውጭ አየ። ዝናቡ የመስኮቱን መስታወት አጥቦታል፤ ከተማው እሱን ሸሽቶ የሚሄድ ይመስላል።

«አሜን ብያለሁ» አለ። «አሜን ያልኩትን አላፈርስም።»

የሱ መንገድ ተዘጋ። የቀረው የሷ ነው።

በማግስቱ ማራናታ ወረዳ ሄደች። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲከስ መስማት የለመደው ሠራተኛ፣ ባለቤትየዋ እናቷ መሆናቸውን ሲሰማ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተጣልታችሁ ነው ወይ አላት። አልተጣላንም አለችው። ባኞው ሰው ሰብሯል፤ ጆንያ ደራርበንበታል፤ ነገም ይሰብራል አለች። ሁሉም እውነት ነበር። ስትወጣ ግን ፌርማታው ድረስ አጥር ይዛ ነው የሄደችው። አባቷ ያንን ሴራሚክ ሲያነጥፍ ውኃ ታቀብለው የነበረችው እሷ ናት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የወረዳ ሰዎች የመጡት በዛብህ ቦሩን ሊወስድ መኪናውን በር ላይ ባቆመበት ጠዋት ነው። ባኞውን አዩ፣ ጆንያዎቹን በጫማቸው ገፋ ገፋ አደረጉ፣ እንግዶቹን በትሕትና አስወጡ፣ በሩ ላይ ማሸጊያቸውን ለጠፉ። ወለሉ ተነሥቶ እስኪሠራ ነው አሉ። በምን ገንዘብ ይሠራል የሚለውን ማንም አልጠየቀም። ሰፈሩ ወጥቶ ዳር ዳሩን ቆመ።

እትዬ ዘነበወርቅ አልጮኹም። እንግዶቹ ያወጡት ፍራሽ ላይ ቁጭ አሉና ቦሩን ቀና ብለው አዩት።

«አሜን ብለህልኝ አልነበር ልጄ?» አሉት። «ሾርባዬን ጠጥተህ?»

ቦሩ በክራንቹ ቆሞ የታሸገውን በር አየ። እትዬ ዘነበወርቅን አየ። እኔ አይደለሁም ማለት ይችል ነበር። ግን አንገቱን ደፍቶ፣ የሌላ ሰው ዕዳ እንደሚከፍል ሰው፣ ወደ መኪናው አነከሰ። በዛብህ ከላይ በብብቱ ሳበው፤ ክራንቹ ወደቀና አነሡለት፤ እግሩ እንቢ እያለ በመጨረሻ ገባ።

«እሱ አይደለም» አለች ማራናታ። «ወረዳ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ግቢው ሁሉ ሰማ። እናቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የጀርባቸውን መንቀጥቀጥ ማራናታ አየችው። ያን ጀርባ ዕድሜዋን ሙሉ እንደማትረሳው ያኔውኑ አውቃለች። ግን የጀመረችውን መጨረስ ነበረባት። የመኪናውን መረገጫ ወጥታ በመስኮቱ በኩል ከፊቱ ቆመች።

«አሁን ቤርጎ የለም» አለችው። «የምጠብቀው ቤት የለኝም። እናቴም ከዛሬ ጀምሮ ምንም አታዘኝ፤ ከእንግዲህ የምታናግረኝም አይመስለኝም።»

ፈገግ አላለችም። እንባዋ ይወርዳል፤ አላበሰችውም። በዛብህ ሞተሩን አስነሣና፣ ነገሩ የሱ እንዳልሆነ ሲገባው፣ መስታወቱን የሚያስተካክል መሰለ።

ቦሩ ፊቷን አየው። ጎማ እንደሚመረምር ሰው ነው ያየው፤ ቀዳዳው የት እንዳለ፣ ያላየው ሌላ እንዳለ። አያት፣ አያት። ከዚያ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማሸጊያ ተመለከተ።

«ታዲያ ማራናታ» አለ፣ «ከሞያሌ እንግዳ ተመልሶ ቢመጣ አሁን የት ሊያርፍ ነው?»